ጥንቸሎቻችሁን ለመለየት የቀዶ ጥገናውን ቀን አትጠብቁ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁን አንድ ጥያቄ አለ፦ «ወንድምና እህት ናቸው፣ ተቃቅፈው ነው የሚተኙት፣ የማምከኛ ቀጠሯቸው እስኪደርስ አብረው ቢቆዩ ምን ችግር አለው?» ችግር አለው። ጥንቸል ዝምድና አይለይም።

የወንዱ የዘር ፍሬ ከ10 እስከ 12 ሳምንት ዕድሜው ላይ ይወርዳል፣ ማለትም ማስረገዝ ወደሚችልበት ዕድሜ እየደረሰ ነው። ሴቷም 4 ወር አካባቢ ላይ፣ አንዳንዷ ከዚያም ቀደም ብላ ማርገዝ ትችላለች፤ እሷን ለማምከን ግን ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ወር እስኪሆናት ይጠበቃል። እኛን የሚያሳስበን ይሄ መሃል ላይ ያለው ጊዜ ነው። ሴት ጥንቸል እንቁላል የምትለቀው ከወንድ ጋር ስትገናኝ ስለሆነ ከእርግዝና ነጻ የሆነ ቀን የላትም፣ ግንኙነቱም በሰከንዶች ስለሚያልቅ «እኔ አጠገባቸው ነኝ» ማለት አያስተማምንም። ከ31 ቀን ገደማ በኋላ ትወልዳለች፤ ወንዱ እዚያው ካለ ደግሞ በወለደች በሰዓታት ውስጥ መልሳ ልታረግዝ ትችላለች። ገና ራሷ አድጋ ላልጨረሰች እንስሳ ይሄ በጣም ከባድ ነው።

ስለዚህ 10 ሳምንት ሲሞላቸው ለዩዋቸው። «ሁለቱም ሴት ናቸው» የምትሉም በሐኪም አረጋግጡ፣ በዚህ ዕድሜ ጾታ መሳሳት የተለመደ ነው። ሁለት ወንዶች ከሆኑ ደግሞ መሳደድና አንዱ ሌላው ላይ መውጣት ሲጀምሩ አትጠብቁ። ክፉኛ ይነካከሳሉ።

መለየት ማለት ግን ማራራቅ አይደለም። እንዲተያዩና እንዲሸታተቱ ኬጆቻቸውን ጎን ለጎን አድርጉ፣ በሽቦው አሾልከው አፍንጫና ጣት እንዳይነካከሱ ግን በመሃል ትንሽ ክፍተት ተዉ። ለየራሳቸው ውሃ፣ ድርቆሽና መደበቂያ ይኑራቸው። የተኙበትን ጨርቅ አልፎ አልፎ ብትቀያይሩላቸው ሽታቸውን አይረሳሱም፣ በኋላ ስታገናኟቸውም ይቀላል። ከኬጅ የሚወጡት በየተራ ነው።

ከቀዶ ጥገናው በኋላም ቶሎ አታገናኟቸው። ወንዱ ከተኮላሸ በኋላ እስከ 6 ሳምንት ድረስ ማስረገዝ ሊችል ይችላል፣ የሴቷም ቁስል መዳን አለበት። «ከተለያዩ በቃ፣ ቀዶ ጥገናው ይቅር» የሚል ካለ ደግሞ እባካችሁ እንዳትሉ፤ ባልመከኑ ሴት ጥንቸሎች ላይ ዕድሜያቸው ሲገፋ የማህፀን ካንሰር በብዛት ይታያል።

ቤታችሁ ለሁለት ኬጅ ከጠበበ ንገሩን። ቀጠሮው እስኪደርስ አንደኛውን እኛ ጋ እናቆይላችኋለን።