እማዬ፣ ያቺ የተገነጠለችው ገጽ

እማዬ፣ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ?

ባለፈው በስልክ «ምኑ ነው ያቃተህ?» ስትዪኝ «ተይው፣ አይገባሽም» አልኩሽ። ይቅርታ። ያልገባኝ እኔው ራሴ ነበርኩ።

ያቃተኝ ነገር ሊሚት ይባላል። ካልኩለስ የሚባለው የሂሳብ ክፍል መግቢያ ነው፤ እሱ ላይ የተደናቀፈ የቀረውም ሁሉ ይጨልምበታል። ፈተና ላይ የመጣችው ጥያቄ አጭር ነበረች። ኤክስ ስኩዌር (ኤክስ በራሱ ሲባዛ ማለት ነው) ሲቀነስ 4 ከላይ፣ ኤክስ ሲቀነስ 2 ከታች። ኤክስ ወደ 2 ሲጠጋ መልሱ ወዴት ይጠጋል? እኔ ሆዬ 2ን ዘው አድርጌ አስገባሁት። ከላይ ዜሮ፣ ከታችም ዜሮ። «ዜሮ ለዜሮ ያው ዜሮ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱ ሲመለስ መልሴ ላይ ቀይ መስመር ተጋድሞበታል።

ማታ ካልኩሌተር ይዤ ቁጭ አልኩ። በ2 ፋንታ 1.9 አስገባሁ፤ 3.9 ሰጠኝ። 1.99 ሳስገባ 3.99፣ 1.999 ሳስገባ 3.999። ደግሞ ከወዲያ በኩል ዞሬ መጣሁ። 2.01 ሳስገባ 4.01፣ 2.001 ሳስገባ 4.001። ከግራም ከቀኝም ወደ 4 ነው የሚሄደው። 2ን ራሱን ስሰጠው ግን ካልኩሌተሩ ስህተት ነው አለኝ፤ ለዜሮ ማካፈል አይቻልማ። እዚያች ላይ ብዙ አፈጠጥኩ። ነጥቧ ላይ ምንም የለም፤ ግራና ቀኟ ግን 4 ብለው ተስማምተዋል። ሊሚቱ 4 ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ይሄኔ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ልጅ ሆኜ የምታነቢልኝ የተረት መጽሐፍ መሃሉ ላይ አንድ ገጽ ተገንጥሎ ጠፍቶ ነበር፣ አይደል? እዚያ ስትደርሺ ድምፅሽ እንኳ ሳይቀየር የጎደለውን ሞልተሽ ታልፊ ነበር። ከበፊቱና ከኋላው ገጽ ተነስተሽ። ገጹ እንደጠፋ ያወቅኩት ራሴ ማንበብ ስጀምር ነው። እርግጥ ሂሳብ እንዳንቺ ቸር አይደለም። ከግራ ወደ 4፣ ከቀኝ ወደ 7 የሚሄድ ከሆነ ሊሚት የለውም ይባላል፣ አለቀ።

ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም። ኒውተንና ላይብኒትዝ የሚባሉት ሊቃውንት ካልኩለስን በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲያወጡት ይሄን «መጠጋት» የሚባለውን ነገር አጥርተው አላስቀመጡትም። እ.ኤ.አ. በ1734 በርክሊ የሚባል ጳጳስ እነዚያን ዜሮ ሊሆኑ ምንም ያልቀራቸው መጠኖች የሙታን መናፍስት አስመስሎ ተሳለቀባቸው። ኮሺ የሚባል የሂሳብ ሊቅ ሊሚትን የካልኩለስ መሠረት ያደረገው በ1821 ነው። ዛሬ የምንማረውን ጥብቅ ትርጉም፣ ኤፕሲሎንና ዴልታ የሚባሉ የግሪክ ፊደላት ያሉበትን፣ ቫየርሽትራስ የሚባል ሌላ የሂሳብ ሊቅ ያጠራው ከዚያም በኋላ ነው። እነሱ ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀባቸውን እኛ በሁለት ሳምንት ጨርሱት ተባልን!

እኔ ገና ኤፕሲሎኑ ላይ ነኝ። ድጋሚ ፈተናው ሐሙስ ነው። ማክሰኞ ማታ እደውልልሻለሁ፤ «ምኑ ነው ያቃተህ?» በዪኝ። ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳሻለሁ። መሃል ላይ ከተንተባተብኩ ዝም ብለሽ እንዳታልፊኝ፣ «እሺ፣ ከዚያስ?» በዪኝ።

ልጅሽ