200 ሚሊዮን ዶላሩ የት ገባ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ትልልቅ የሆሊውድ ፊልሞችን እወዳለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ ያለውን አንብቦ "ይሄ ሰው መዝናናት አይወድም" ብሎ ገጹን የሚገልጥ እንዳይኖር ነው። መብራቱ ጠፍቶ የመጀመሪያው ድምፅ ደረቴን ሲነዝረው ዛሬም ደስ ይለኛል። መርከብ ሲሰምጥ፣ ከተማ ሲናድ፣ ዘንዶ ከደመና ውስጥ ብቅ ሲል በትልቅ ስክሪን ማየት በስልክ የማይገኝ ደስታ አለው። ብዙ ገንዘብ ማውጣታቸውም አያናድደኝም። የሚያናድደኝ ያን ሁሉ ገንዘብ አፍስሰው የሚያሳዩኝ ነገር ከወጣሁ በኋላ አንዱም ትዝ የማይለኝ መሆኑ ነው።

ለእናንተ የጻፍኩት በፊልም ዓምዳችሁ ምክንያት ነው። አንድ ትልቅ ፊልም ሲወጣ ከላይ የምታስቀምጡልን ሁሌም ሁለት ቁጥር ነው። ስንት ወጣበት? በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ስንት አስገባ? ከዚያ ታሪኩ በአጭሩ ይተረካል፣ የተዋናዮቹ ስም ይደረደራል፣ አለቀ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፊልሙ ጥሩ ነው፣ ዝቅ ካለ ወደቀ ማለት ነው። እኔ ግን ትኬት ቆርጬ የምገባ ሰው ነኝ፤ ከቁጥሩ የሚደርሰኝ ነገር የለም።

ቁጥሩ ራሱ እኮ ብዙ ይደብቃል። በጀት ተብሎ የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ ፊልሙን ለመሥራት የወጣው ብቻ ነው። ፖስተሩ፣ ትሬለሩ፣ በየቦታው የሚለቀቀው ማስታወቂያ እዚያ ውስጥ አይቆጠርም፤ ለትልቅ ፊልም ደግሞ ይሄ ብቻውን 100 ሚሊዮን ዶላር ሊያልፍ ይችላል። ገባ የሚባለውም ገንዘብ ሁሉ ስቱዲዮው ኪስ አይገባም። በግምት ግማሹን ሲኒማ ቤቶች ያስቀራሉ። በቻይና ለስቱዲዮው የሚደርሰው ሩብ ያህል ነው። ስለዚህ 200 ሚሊዮን ወጥቶበት 400 ሚሊዮን ያስገባ ፊልም በጋዜጣ ላይ አሸናፊ መስሎ ሊወጣ ይችላል፣ ሒሳቡ ሲሠራ ግን ከስሮ ሊሆን ይችላል። ነገሩ አዲስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 ኤልሳቤጥ ቴይለር የተወነችበት "ክሊዮፓትራ" በአሜሪካ የዓመቱ ከፍተኛ ገቢ ያገኘ ፊልም ነበር። ግን በዚያን ዘመን ገንዘብ ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ ስለበላ፣ የሠራውን ስቱዲዮ ትዌንቲየዝ ሴንቸሪ ፎክስን ለኪሳራ አፋፍ አድርሶታል። ታዲያ የትኛውን ቁጥር አይተን ነው የምንፈርደው?

ወደ ስክሪኑ እንምጣ።

ስቲቨን ስፒልበርግ እ.ኤ.አ. በ1975 "ጆውስ"ን ሲሠራ የተዘጋጀለት ሜካኒካል ሻርክ ጨዋማው ውሃ ውስጥ ሲገባ እየተበላሸ መከራውን አሳየው። ለ55 ቀናት የታቀደው ቀረጻ 159 ቀን ፈጀ። ሻርኩ አልሠራ ሲል ሌላ መላ መፈለግ ነበረበትና ሻርኩን ትቶ ውሃውን አሳየን። ከውሃው በታች የሚንቀጠቀጡ እግሮች፣ ባሕሩ ላይ እየተጎተቱ የሚሄዱ ቢጫ በርሜሎች፣ የሙዚቃው ደራሲ የጆን ዊሊያምስ ሁለት ኖታ። አውሬውን በደንብ የምናየው ፊልሙ ከጀመረ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው። እስከዚያ ግን ወንበራችን ላይ ተሰፍተን ነው የምንጠብቀው።

ይኸው ሰውዬ እ.ኤ.አ. በ1993 "ጁራሲክ ፓርክ"ን ሲያመጣ ኮምፒውተርም በእጁ ነበረ። ቢሆንም ከሁለት ሰዓት በላይ በሚፈጀው ፊልም ውስጥ ዳይኖሰሮቹ የሚታዩት በአጠቃላይ 15 ደቂቃ ገደማ ነው። ከመካከሉ በጣም የምወደው ትዕይንት ደግሞ ዳይኖሰር የሌለበት ነው። ሌሊት ነው፣ ዝናብ ይዘንባል፣ ልጆቹ መኪና ውስጥ ናቸው። ከመሪው ፊት ለፊት የውሃ ብርጭቆዎች ተቀምጠዋል። ድው የሚል ነገር ከሩቅ ይሰማል። ውሃው መሃል ላይ ትንሽ ክብ ይሠራል፣ ይጠፋል። እንደገና ድው። እንደገና ክብ። ልጁ ውሃውን ያያል፣ እኛም ልጁን እናያለን፣ ማንም ምንም አላለም፣ ሲኒማ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ግን ምን እየመጣ እንደሆነ ገብቶታል። ያቺን ክብ ለማውጣት ምን እንደተጠቀሙ ታውቃላችሁ? የጊታር ክር! ከመኪናው ሥር የወጠሩትን ክር ሲመቱት ውሃው ይነዝራል። ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ በወጣበት ፊልም ውስጥ ሰው ከ30 ዓመት በኋላ የሚያወራው ስለዚያ ክር ነው።

አሁን የዘንድሮዎቹን የመጨረሻ ሰላሳ ደቂቃ አስቡት። ግራጫ ሰማይ። ሰማዩ ላይ የሚበራ ቀዳዳ። ከቀዳዳው ውስጥ እንደ አንበጣ የሚፈስ፣ ፊት የሌለው፣ ስም የሌለው የጠላት ሠራዊት። ጀግናው ይወረወራል፣ ሕንፃ ይሰብራል፣ ይነሳል፣ ይወረወራል። ማን የት እንዳለ አላውቅም፣ ማን ቢሞት ምን እንደሚጎድልብኝም አላውቅም፣ ምክንያቱም የሞተው ሁሉ በሚቀጥለው ክፍል በሌላ ዓለም በኩል ዞሮ ይመጣል። ሊያስለቅሰኝ የሚገባ ቦታ ላይ ስደርስ ደግሞ አንዱ ቶሎ ብሎ ቀልድ ይወረውራል፣ ሐዘኑ ሦስት ሰከንድ እንኳ ሳይቆይ። ለምን? አንድ ጊዜ አልቅሼ ብወጣ ምን ይላቸዋል?

ይህ የሚሆነው የሚሠሩት ሰዎች ችሎታ ስለሌላቸው ነው ብዬ አላምንም። ኮምፒውተርን መርገምም ትክክል አይመስለኝም። ችግሩ ሥራው የሚሄድበት ቅደም ተከተል ነው። ፊልሙ የሚወጣበት ቀን ከዓመታት በፊት ይታወጃል፤ ስክሪፕቱ ሳያልቅ ቀረጻ ይጀመራል፤ ተዋናዩ በኋላ በኮምፒውተር ምስል የሚተካ አረንጓዴ መጋረጃ ፊት ቆሞ የማያየውን ጠላት እንዲፈራ ይነገረዋል፤ ከዚያ ምን ዓይነት ጠላት እንደሆነ፣ የት እንደቆሙ፣ አንዳንዴም መጨረሻው ራሱ ምን እንደሆነ ከቀረጻ በኋላ ይወሰናል፣ ያ ሁሉ ሸክም ደግሞ ቀኑ ደርሶባቸው ሌሊት ከቀን ኮምፒውተር ፊት በሚያድሩ ባለሙያዎች ትከሻ ላይ ይወድቃል። ገንዘቡ የሚያልቀው እዚህ ነው፤ ሳይወስኑ በመጀመር፣ ሠርቶ በማፍረስ፣ እንደገና በመሥራት። እ.ኤ.አ. በ2019 "ካትስ" የተባለው ፊልም ሲኒማ ቤት ከገባ በኋላ ነው ኢፌክቱ (በኮምፒውተር የሚሠራው ምስል) የተስተካከለ ሌላ ቅጂ የተላከው። ሰው ከፍሎ እያየው ገና አላለቀም ነበር ማለት ነው።

ስለ እነዚህ ባለሙያዎች ብዙ አይወራምና ትንሽ ልቆይበት። "ላይፍ ኦቭ ፓይ" የተባለውን ፊልም ያየ ሰው ነብሩን አይረሳውም። ያንን ነብር በኮምፒውተር ከሠሩት ዋነኛው ሪትም ኤንድ ሂዩስ የተባለ ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2013 ለዚሁ ሥራ የቪዥዋል ኢፌክት ኦስካር ተሸለመ። ከሽልማቱ ጥቂት ቀናት በፊት ግን ድርጅቱ የኪሳራ ማመልከቻ አስገብቶ ነበር። የፊልሙን ኢፌክት የመራው ቢል ዌስተንሆፈር ሽልማቱን ይዞ መድረክ ላይ ስለ ድርጅቱ ችግር መናገር ሲጀምር ሙዚቃ ተለቀቀበት፣ ድምፅ ማጉያውም ተዘጋ። የተለቀቀበት ሙዚቃ የ"ጆውስ" ነበር። ሳስበው አሁንም ያመኛል። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፤ ነብሩን ከሠሩት ሰዎች ብዙዎቹ ደግሞ ሥራ ፈትተዋል። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2023፣ የልዕለ ጀግና ፊልሞችን በሚያወጣው በማርቬል ስቱዲዮ የሚሠሩ የቪዥዋል ኢፌክት ሠራተኞች ማኅበር ለመመሥረት ድምፅ ሰጡ። እሰየው ነው የምለው። በእኔ ግምት የእነሱ እንቅልፍ ማጣት በቀጥታ ስክሪኑ ላይ ይታያል።

ገንዘብና ጥሩ ሥራ አብረው አይሄዱም ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ2015 ያመጣው "ማድ ማክስ፦ ፊዩሪ ሮድ" ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበታል። ሰውዬው ግን ካሜራ ከመነሳቱ በፊት ፊልሙን 3,500 ያህል ሥዕል አድርጎ አስሎታል። እውነተኛ መኪኖች አሠርቶ ናሚቢያ በረሃ ውስጥ አስነዳቸው። ኮምፒውተር አልነካውም የሚሉ አሉ፣ ስህተት ነው፤ ብዙ ነክቶታል። ልዩነቱ ኮምፒውተሩ የገባው የተወሰነውን ነገር ለማጠናከር መሆኑ ላይ ነው። ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፊልሙ ውስጥ ምስሉ በጣም ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል፣ ግን አይናችን አይደክምም። ሚለር በእያንዳንዱ ምስል ላይ ዋናው ነገር መሃል እንዲሆን አስደርጓል። የሰውዬው ፊት መሃል፣ ጠመንጃው መሃል፣ ጎማው መሃል። ስለዚህ ምስሉ ሲቀየር አይናችን ፍለጋ አይወጣም። ይህን ለማድረግ ተጨማሪ ሚሊዮን አያስፈልግም፤ ለተመልካቹ አይን ማሰብ ነው የሚጠይቀው። ስድስት ኦስካር ወሰደ፣ ሲያንሰው ነው።

በሌላ በኩል ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ2023 "ጎድዚላ ማይነስ ዋን"ን ከ15 ሚሊዮን ዶላር ባነሰ ሠርተው የሆሊውድ ግዙፍ ፊልሞች በቀረቡበት ውድድር የቪዥዋል ኢፌክቱን ኦስካር ወሰዱ። ኢፌክቱን የሠሩት 35 ሰዎች ናቸው፣ ዳይሬክተሩ ታካሺ ያማዛኪ ራሱ ኢፌክቱንም ይመራ ነበር። ደመወዝ ከአገር አገር ስለሚለያይ ገንዘቡን በቀጥታ ማወዳደር ላያስኬድ ይችላል። አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው፤ የሚወስነውና የሚሠራው ሰው አጠገብ ለአጠገብ ሲሆኑ ማዕበሉ እንዴት እንደሚነሳ ያኔውኑ ይወሰናል፣ ስድስት ወር ቆይቶ አይፈርስም።

ስቱዲዮዎቹ የሚሰጡት መልስ "ተመልካቹ የሚፈልገው ይህንኑ ነው" የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ከፍተኛ ገቢ ያገኙትን አሥር ፊልሞች ብትመለከቱ ሁሉም ወይ የቀድሞ ፊልም ተቀጥላ፣ ወይ እንደገና የተሠራ፣ ወይ ከኮሚክ መጽሐፍ የመጣ ገጸ ባሕርይ ናቸው። አዲስ ታሪክ አንድም የለም። እንግዲህ ሌላ ነገር ካልቀረበለት ሰው ምን ይምረጥ? በ2023 "ኦፐንሃይመር" ሲቀርብለት እኮ ገብቶ አይቷል። ሦስት ሰዓት ሙሉ፣ አብዛኛው ሰዎች ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የሚነጋገሩበት፣ ስለ ፊዚክስና ስለ ጥፋተኝነት። ወጪው 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ገቢው ከ950 ሚሊዮን በላይ። (የዳይሬክተሩ የክሪስቶፈር ኖላን ፊልሞች ላይ ንግግሩ በሙዚቃው እየተዋጠ አለመሰማቱ ግን እኔንም ያበሳጨኛል፤ በእሱ ላይ አልከራከርም።) ተመልካቹ ትዕግሥት የለውም የሚሉት ራሳቸው ትዕግሥት የሌላቸው ናቸው።

"ለመዝናናት ነው፣ ምን ታካብዳለህ?" የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። አዎ፣ ለመዝናናት ነው! እየተከራከርኩ ያለሁት ስላልተዝናናሁ ነው። ከሥራ ደክሞኝ ወጥቼ፣ ገንዘቤን ከፍዬ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ፣ ያየሁት ነገር የሚቀጥለው ፊልም ማስታወቂያ ሆኖ ሲገኝ ተዝናናሁ አልልም። ስሞቹ አልቀው ከሚመጣው ትንሽ ትዕይንት በፊት ማንም ከወንበሩ አይነሳም፣ ያችም ትዕይንት "ገና ይቀጥላል" ከማለት ያለፈ ነገር የላትም። አንድ ፊልም ራሱን ችሎ ቢያልቅ ምን አለበት? ርዝመቱ እንኳ አያስጨንቀኝም፤ ጥሩ ሦስት ሰዓት ከመጥፎ ሰማንያ ደቂቃ ያጥራል።

ከእናንተ የምለምነው ይህን ነው። የሚቀጥለው ትልቅ ፊልም ሲመጣ የገቢ ዜናውን በአንድ መስመር ጻፉትና እለፉት። ከዚያ ገብቶ ያየ ሰው ይጻፍልን። የመጨረሻው ውጊያ ላይ ማን የት እንዳለ ይታወቃል? ተዋናዮቹ አንድ ቦታ የቆሙ ይመስላሉ ወይስ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ተቀርጸው የተለጠፉ? ንግግሩ ይሰማል? ሌላ አምስት ፊልም ያላየ ሰው ታሪኩ ይገባዋል? ኢፌክቱን የሠሩት እነማን ናቸው፣ ስንት ጊዜስ ተሰጣቸው? ስማቸው መጨረሻ ላይ በደቂቃዎች ውስጥ እየሮጠ ያልፋል፣ እናንተ ግን አቁማችሁ ልታነቡልን ትችላላችሁ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ባወጣችሁ ቀን ፊልሙ ስንት እንዳስገባ ሳልጠይቅ ልግባ ወይስ ልተው የሚለውን ከእናንተ ዓምድ እወስናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከፊልም ወዳጅ አንባቢያችሁ