በነፃ አይደለም፣ እትዬ

ሃኖቨር፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? የእማዬስ ጉልበት እንዴት ሆነላት? እኔ ከእናንተ ናፍቆትና ከዚህ አገር ጨለማ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ገና ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ነው፤ መብራት አብርቼ ነው የምጽፍልሽ።

ባለፈው እሑድ ስልኩን የዘጋሽብኝ አዘጋግ እንቅልፍ ነስቶኛል። የአጎታችን ልጅ «ወንድምሽ የሠራውን ለዓለም በነፃ ነው የሚበትነው» ብሎ ቢነግርሽ፣ «የእናትህ ቤት እያፈሰሰ አንተ ለፈረንጅ በነፃ ትሠራለህ?» አልሽኝ። ላስረዳሽ ብል መስመሩም አንቺም አላስጨረሳችሁኝም። የቆርቆሮውን ገንዘብ ማክሰኞ በባንክ ልኬያለሁ፤ መጀመሪያ እሱን ስሚና ልብሽ ይረፍ።

ሥራዬ ቴሌቪዥን ጥገና አይደለም። ባለፈው ስመጣ ጎረቤቱ ሁሉ የተበላሸ ቴሌቪዥኑን ተሸክሞ መጥቶ አንዱንም ሳላድን መመለሴን አልረሳሁትም፤ እማዬም እስከ ዛሬ የምታፍርብኝ ይመስለኛል። የእኛ መሥሪያ ቤት የሚሠራው ኮምባይነር ላይ የሚገጠም ስክሪን ነው። ሾፌሩ ስንት ኩንታል እንዳጨደ፣ ማሳው የት ድረስ እንደቀረው ያይበታል። በውስጡ ሥራው ምስል መሥራት ብቻ የሆነ ቺፕ አለ፤ ጂፒዩ ይባላል። ቺፑና ሊኑክስ (ስክሪኑን የሚያንቀሳቅሰው፣ ብዙ ሰው በጋራ የሚሠራው ዋና ፕሮግራም) በቀጥታ አይግባቡም። በመካከላቸው ቆሞ የሚያስተረጉመው ፕሮግራም ድራይቨር ነው። እኔ እንጀራ የምበላው በዚያ አስተርጓሚ ነው።

ኮምባይነር 20 ዓመት ያጭዳል። ቺፑን ያቀረበልን ድርጅት ግን (ስሙ ይቅር) ድራይቨሩን የሰጠን እንደ ታሸገ ዕቃ ነበር። ውስጡ አይታይም፣ ከአንድ አሮጌ የሊኑክስ ቅጂ ውጭም አይሠራም። ጥቂት ዓመት ቆይቶ «እሱን ትተነዋል፣ አዲሱን ቺፕ ግዙ» አለን። ገበሬው ማሽኑን ገና ከፍሎ እንኳ አልጨረሰም! እኔን የቀጠሩኝ ያኔ ነው።

ከላያችን የነበሩት እማማ የበርበሬያቸውን ቅመም ለማንም አልናገርም ሲሉ ትዝ ይልሻል? አንቺ 14 ዓመትሽ፣ እኔ 7። ደጃቸው ብይ እየተጫወትኩ፣ ከሰኞ ገበያ ይዘው የሚገቡትን ሁሉ እንድቆጥርልሽ ላክሽኝ። ኮረሪማው፣ ነጭ አዝሙዱ፣ ድንብላሉ፣ በሶብላው። ከዚያ እቤት አንዱን ስትጨምሪ ሌላውን ስትቀንሺ፣ እያስቀመስሽኝ አፌ ሲቃጠል ከረመ።

የእኛም ሥራ ያው ነው፣ አልቀለድኩም። የታሸገው ድራይቨር ውስጡን ባያሳይም ለቺፑ የሚልከው ትእዛዝ ሁሉ በሊኑክስ በር ያልፋል። እኛ በሩ ላይ ቁጭ ብለን የሚገባውን እንመዘግባለን። አንድ ቀይ ሦስት ማዕዘን የሚሥል ፕሮግራም እጽፋለሁ፣ ያለፈውን ቁጥር ሁሉ እገለብጣለሁ። ቀዩን ወደ ሰማያዊ ለውጬ እንደገና እገለብጥና የተለወጠው ቁጥር የትኛው እንደሆነ እፈልጋለሁ። 1 የሚለው ቁጥር በነጥብ የሚጻፍ ቁጥር ሆኖ ሲቀመጥ፣ እንደ ተራ ቁጥር ካነበብሽው 1,065,353,216 ይመስላል። ይህን ቁጥር ከሺህ ቁጥሮች መካከል ሳየው ከጎረቤት ሠርግ ቤት የአገር ልጅ ያገኘሁ ነው የሚመስለኝ።

የመጀመሪያው ምስል ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ግን እንደ ተቀዳደደ ጨርቅ ነበር። ቺፑ ምስሉን የሚያስቀምጠው መስመር በመስመር ሳይሆን 4 በ4 በሆኑ ትናንሽ ካሬዎች ከፋፍሎ ኖሯል፤ እኔ እንደ መጽሐፍ ከግራ ወደ ቀኝ አነበብኩት። እሱ ከተስተካከለ በኋላ ደግሞ አልፎ አልፎ ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል። 5 ሳምንት ፈለግኩት። ጥፋቱ የራሴ ነበር፤ ቺፑ የሠራውን ከጊዜያዊ ማስቀመጫው ወደ ዋናው ሜሞሪ ሳያራግፍ ስክሪኑ እንዲያነብ አዝዤው ነበር። አንድ መስመር ኮድ ብቻ፣ 5 ሳምንት!

አሁን ወደ ጠብሽ ልምጣ። ሊኑክስ በየ9 ወይም 10 ሳምንቱ አዲስ ቅጂ ያወጣል። ድራይቨሬን ጓዳ ብደብቀው፣ በየቅጂው የሚፈርሰውን ብቻዬን ስጠግን አረጃለሁ። ወደ ዋናው ሊኑክስ ካስገባሁት ግን፣ የውስጡን አሠራር የሚለውጥ ሰው የእኔንም ክፍል አብሮ ማስተካከል አለበት። ደቦ ነው፣ እትዬ። ደቦ የወጣ ሰው በነፃ ሠራ ይባላል እንዴ? ደመወዜን መሥሪያ ቤቱ ይከፍለኛል፤ ማሽኑ እንዲኖርለት ስለሚፈልግ። ስፔን ላ ኮሩኛ ውስጥ ሠራተኞቹ ራሳቸው ባለቤት የሆኑበት ኢጋሊያ የሚባል ድርጅት አለ፤ ራስፕቤሪ ፓይ 4 ለምትባል ትንሽ ኮምፒውተር የቩልካን (ፕሮግራሞች ጂፒዩን የሚያዙበት ቋንቋ ነው) ድራይቨሯን የሠሩት እነሱ ናቸው።

ደቦው ቶሎ አይደርስም እንጂ። ማሊ 400 ለሚባል ቺፕ የተጀመረው ሊማ የተባለ ድራይቨር በ2012 በፈረንጆቹ ብራስልስ ላይ ለሕዝብ ታየ፤ ወደ ሊኑክስ የገባው ግን በ2019 ጁላይ፣ በ5.2 ቅጂ ነው። ከሱ ጋር ለአዳዲሶቹ ማሊዎች የሚሆነው ፓንፍሮስትም ገባ። ያንን የጀመረችው አሊሳ ሮዘንዝዋይግ ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች። ይህን ለልጅሽ ንገሪያት፤ ሒሳብ ለወንድ ነው ያላትን አስተማሪ ሳስብ ደሜ ይፈላል።

ለእሷም በገና በሚመጣ ሰው አንድ ራስፕቤሪ ፓይ 4 ልኬላታለሁ። መዳፍ የምታህል ሰሌዳ ናት፣ ከቴሌቪዥኑ ጋር ትገናኛለች፣ ድራይቨሯም ኮዱ ክፍት ነው። ቻርጀሩን አብሬ አድርጌያለሁ፤ በስልክ ቻርጀር አትሞክሩት፣ ኃይሉ ካነሰ እየጠፋ ያስቸግራታል። መብራት ሲቆራረጥ ደግሞ ሚሞሪ ካርዱ ይበላሽባታልና፣ ከመንቀሏ በፊት በደንብ ታጥፋው።

አንድ ነገር ግን ልናገር። አንቺ የእማማን ቅመም ካገኘሽው በኋላ ለማንም አልነገርሽም፤ በር ላይ ቆሜ ለቆጠርኩት ለእኔ እንኳ። እዚህ ያለው የሐበሻ ሱቅ በርበሬ ጨው ጨው ይላል። ሰው ስታገኚ አንድ ኪሎ ላኪልኝና፣ ቅምሙን ከነመጠኑ በወረቀት ጽፈሽ ከላስቲኩ ውስጥ ክተቺው።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ።

ናፋቂሽ ወንድምሽ