ልብ ወለድን ለፈተና ብቻ አናስተምር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ያለዕድሜ ጋብቻ ጎጂ መሆኑን ተማሪዎቼ አሳምረው ያውቃሉ። ከታች ክፍል ጀምሮ በምንባብ አንብበውታል፣ በሚኒ ሚዲያ ሰምተውታል፣ ጉዳቱንም ለፈተና ዘርዝረው ጽፈዋል። የቤተሰብ ሕጉ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻ የለም እንደሚልም ይነግሯችኋል። ስለ ትዳርና ስለ ቤተሰብ ከልባቸው ሲያወሩ የሰማኋቸው ግን ልብ ወለድ ስናነብ ነው።

ለወጣቶች ተብሎ የተጻፈ ልብ ወለድ እንደልብ ስለማላገኝ በ1958 የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር» ይዤ እገባለሁ። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የሚመጣውን የጋብቻ ጠያቂ ዘር እየቆጠሩ የሚመልሱበትን ቦታ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አንዱ ልጅ «ጨካኝ ናቸው» ሲል ከኋላ አንዲት ተማሪ ተነሳች። «ቲቸር፣ እሳቸው እኮ ጠልተዋት አይደለም፣ ለእሷ ያሰቡ መስሏቸው ነው» አለች። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። በፊታውራሪ የተጀመረው ክርክር ሳናውቀው ወደ ዛሬ አባቶች፣ ወደ ሽማግሌ መላክ፣ «የማን ልጅ ነው?» ወደሚለው ጥያቄ ዞረ፤ የማንም ቤት ስም ግን አልተነሳም፣ ሁሉም የሚናገረው ስለ ፊታውራሪ ነበርና። ያቺን ልጅ ስለ አባትሽ ተናገሪ ብላት አንገቷን ደፍታ ትቀመጥ ነበር።

ፖርሽን መሸፈን አለብን የሚሉ ባልደረቦቼ እውነት አላቸው፣ ጊዜው አይበቃም። መጽሐፍም የለም። ግን አንድ ቅጂ ካለ መምህሩ ማንበብ ይችላል፣ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜም አይጠፋም። የኔ ስጋት ሌላ ነው። ልጆቹ ገና ሲሟሟቁ «ከታሪኩ ምን ተማራችሁ?» ብለን እንዘጋባቸዋለን። ያኔ የሚመልሱት እኛ መስማት የምንፈልገውን ብቻ ነው። እባካችሁ መምህራን፣ ክርክሩ ሳይቋጭ ደወሉ ቢደወልም ተውት፣ በረፍት ሰዓት ይቀጥሉታል።

የመማሪያ መጽሐፍ የምታዘጋጁም ቅንጫቢና የምርጫ ጥያቄ ብቻ አትስጡን፤ በዓመት አንድ ሙሉ ታሪክ ጨምሩልን። ጋዜጣችሁ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች የሚሆን አጭር ልብ ወለድ ቢያወጣ ትልቅ ውለታ ነው። ስለ አረብ አገር ስደት፣ ስለ ሱስ፣ ስለ ሥራ አጥነት ሊሆን ይችላል። አንድ ገጽ ከሆነ ፎቶ ኮፒውን እኛው እንችላለን።

የአማርኛ መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ