ቀለሙ ጠፋ እንጂ ውሃው መች ጸዳ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባለፈው ሳምንት ካርቦን ናኖቲዩብ የሚባሉ ረቂቅ የካርቦን ቱቦዎች ቀለም ያለበትን ውሃ ያጣራሉ ብላችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ቡናዬን እየጠጣሁ፣ አንዴ ደግሞ ተናድጄ። ጽሑፉ ውሸት ሆኖ አይደለም። ያናደደኝ ፎቶው ነው። በግራ ሰማያዊ ውሃ፣ በቀኝ ጥርት ያለ ውሃ፣ ከሥሩ «ተጣራ» የሚል ቃል። እንዲህ ያለውን ጥርት ያለ ውሃ እኔ በደንብ አውቀዋለሁ።

ከ1983 እስከ 2002 ዓ.ም. በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ ሠርቻለሁ። ስሙን አልጠራም፤ አዋሽ ተፋሰስ ውስጥ ነው፣ ይበቃል። ሥራዬ ከማቅለሚያ ክፍል የሚወጣውን ፍሳሽ መለካት ነበር። ጠዋት ቦዩ ቀይ ከሆነ አንሶላ እየተቀለመ ነው። ሰማያዊ ከሆነ የተማሪ ዩኒፎርም። ተቆጣጣሪ የሚመጣ ቀን ግን ቦዩ ምንም ቀለም አልነበረውም። ሌሊቱን በጀሪካን በጀሪካን በረኪና ሲደፋበት ያድራል፤ ሲነጋ የምንጭ ውሃ ይመስላል። እንግዶቹ ጎንበስ ብለው ያዩታል፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ሻይ ጠጥተው ይሄዳሉ።

እኔ ከዚያው ውሃ ቀድቼ ሲኦዲ እሠራለሁ። (ጥበቃዎቹ «ዛሬም ሲኦል ልትሠሪ ነው?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።) ሲኦዲ ማለት ውሃው ውስጥ ያለውን ቆሻሻ ለማቃጠል ስንት ኦክስጅን ይፈጃል ብሎ መለካት ነው። ናሙናው ከዳይክሮሜትና ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር በ150 ዲግሪ ለ2 ሰዓት ይፈላል። ሲቀዘቅዝ ከቢሬቱ፣ ጠብታ ከሚለካው የመስታወት ቱቦ፣ የብረት መፍትሄ ጠብ ጠብ አደርግበታለሁ። አረንጓዴ፣ አሁንም አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ቢጤ፣ ከዚያ በአንዲት ጠብታ ድንገት ቀይ ቡኒ። ያቺ ጠብታ አትዋሽም። በረኪና የተደፋበት ውሃና ያልተደፋበት ውሃ ቁጥራቸው ያው ነበር ማለት ይቻላል። ለአለቃዬ ወረቀቱን ስሰጠው «ተቆጣጣሪዎቹ ዓይን እንጂ ቢሬት ይዘው አይመጡም» አለኝ። መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጨርቅ ቀለም ሞለኪውል ትልቅ ነው። ለዓይን ቀለም ሆኖ የሚታየው አንድ ክፍሉ ነው፤ በብዙዎቹ ላይ ሁለት ናይትሮጅኖች የተያያዙበት ድልድይ። ድልድዩ ሲሰበር ቀለሙ ይጠፋል። ስብርባሪው ግን እዚያው ውሃው ውስጥ ነው። አንዳንዱ ስብርባሪ ከቀለሙም የባሰ መርዝ ይሆናል። በረኪና ሲሆን ደግሞ ክሎሪን ይለጠፍበታል።

ወደ ቱቦዎቹ ልመለስ። እነሱንስ አልጠላኋቸውም፤ እንዲያውም ቀናሁባቸው። ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ እ.ኤ.አ. በ1991 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አይቶ ያስተዋወቃቸው እነዚህ የተጠቀለሉ የካርቦን ገበታዎች፣ የሰው ፀጉር ከእነሱ ጋር ሲተያይ ግንድ ነው። ለምን እንደቀናሁ ልንገራችሁ። እኛም አንድ ጊዜ ፌንተን የሚባለውን ዘዴ በበርሜል ሞክረን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ የሚታወቅ ነገር ነው። የብረት ሰልፌትና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሲገናኙ ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ራዲካል የሚባል ቅንጣት ይፈጥራሉ። ፐርኦክሳይዱ ለጥጥ ማንጫ ስለምንጠቀምበት ግቢው ውስጥ ሞልቷል። ችግሩ፣ ፌንተን በደንብ የሚሠራው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) 3 አካባቢ ሲሆን፣ ማለትም ውሃው አሲድ ሲሆን ነው። የኛ ፍሳሽ ደግሞ 10 እና 11። ስለዚህ መጀመሪያ አሲድ ጨመርን፣ ከዚያ መልሰን ኖራ። በመጨረሻ በርሜሉ ሥር ክንድ የሚያህል ቀይ የዝገት ጭቃ ተጋግሮ ቀረ። የት ይጣል? ከግቢው ጀርባ ከመርነው፣ ክረምቱ ጠራርጎት ሄደ። ሙከራው በዚሁ አበቃ።

እንግዲህ የናንጂንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳዩት ይህንኑ ችግር የሚነካ ነው። የብረት ኦክሳይዱን ቱቦው ውስጥ አስገቡት። ያው ብረት ውስጥ ሲቀመጥ ከቱቦው ውጭ ከተለጠፈው ከ20 እጥፍ በላይ ፈጠነ። ከፒኤች 5 እስከ 9 ድረስም ሠራ። ጠባብ ቤት ውስጥ ኬሚስትሪውም ይለወጣል፤ የተለመደው ራዲካል ቀርቶ ሲንግሌት ኦክስጅን የሚባል ሌላ ሠራተኛ ይመጣል። ያን በርሜል ሳስታውስ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ግን ምን ላይ ነው የሞከሩት? ሜቲሊን ብሉ የሚባል ሰማያዊ ቀለም ላይ። በዚህ ዘርፍ አብዛኛው ሰው የሚሞክረው በእሱ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ሲጠፋም ያምራል። የፋብሪካ ፍሳሽ ሌላ ፍጥረት ነው። ጥጥ ሲቀለም ቀለሙ ክሩን እንዲይዝ ለአንድ ሊትር 50 ግራም፣ ለጥቁር 80 ግራም ድረስ ጨው ይገባል። ሶዳ አሽ አለ፣ ሳሙና አለ፣ ሙቀት አለ። የጨው ክሎራይድና የሶዳው ካርቦኔት የተለመደውን ራዲካል መንገድ ላይ ጠብቀው ይይዙታል። ጨዉን ራሱን ደግሞ ቱቦው አይነካውም። እሱ የሚወጣው በሜምብሬን (በረቂቅ ወንፊት) እና በማትነን ነው፤ ያ ደግሞ መብራት ይበላል። ውሃውን የመስኖ ገበሬ ከወሰደው ጨዉ መሬቱ ላይ ይቀራል።

ሌላም አለ። ቱቦው ራሱ ዱቄት ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2014 አንዱን የቱቦ ዓይነት «ካንሰር ሊያስከትል ይችላል» ከሚባሉት ውስጥ መድቦታል። ረጅምና ግትር ከሆነ ሳንባ ውስጥ እንደ አስቤስቶስ፣ ሳንባን እንደሚጎዳው የማዕድን ክር፣ ይሆናል የሚል ስጋት ነው። ሜምብሬን ላይ ካልተሰፋ ወይም እንክብል ውስጥ ካልታሰረ ውሃ ላይ ሊበተን አይገባም። ጽሑፋችሁ ስለዚህ አንድ መስመር አልነበረውም።

የእህቴ ልጅ ኬሚካል ኢንጂነሪንግ የመጨረሻ ዓመት ነው። ባለፈው ወር እነዚሁን ቱቦዎች ሲሞክሩ የሚያሳይ ቪዲዮ በቴሌግራም ላከልኝ። ቢከር ውስጥ ሰማያዊው እየሳሳ ሄዶ ብን ይላል። «አክስቴ እዪልኝ፣ 10 ደቂቃ!»

«ሲኦዲውስ?» አልኩት።

«ኧረ አክስቴ፣ ቀለሙ ጠፋ እኮ!»

«በምን ውሃ ነው የሠራችሁት?»

«በዲስትልድ።» ያው መኪና ባትሪ ውስጥ የሚጨመረው መሆኑ ነው።

አሁንም ማቅለሚያ ክፍል የሚሠራ የድሮ ባልደረባ አለኝ። አንድ ሃይላንድ ሙሉ ፍሳሽ አስቀዳሁና በፌስታል ጠቅልዬ በአውቶቡስ ለልጁ ላኩለት። ረዳቱ «ምንድነው ይሄ፣ ጠጅ ነው?» ብሎ አሸተተው። አተላ ነው አልኩት።

ሐሙስ ማታ ልጁ ደወለ። ድምፁ ቀዝቀዝ ብሏል። ቀለሙ ከግማሽ በላይ አልለቀቀም። ሲኦዲው ጭራሽ ንቅንቅ አላለም። የእነሱ ብረት ከቱቦው ውጭ የተለጠፈ ነው፤ ውስጥ ማስገባቱ አስቸግሯቸዋል። አስተማሪው ግን ተቆጥቶ አይደለም፣ ተደስቶ ነው አለኝ። ተጨማሪ ፍሳሽ ይፈልጋሉ፤ በዚህኛው ዙር የቀይና የጥቁር ለየብቻ። ከየትኛው ማሽን እንደተቀዳ፣ ስንት ሰዓት እንደተቀዳ ጠርሙሱ ላይ እንዲጻፍበት ብሏል።

ለሰኞ ሁለት ሃይላንድ አጥቤ አስቀምጫለሁ።

አክባሪያችሁ
ጡረታ የወጣች የላብራቶሪ ቴክኒሻን