የኮምፒውተር ክበብ፦ በ17.5 የቆመው ፕሮግራም

ዘንድሮ ክበባችን ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ትቶ ሃስኬል የተባለውን ያዘ። ማክሰኞ ማክሰኞ 14 ልጆች በ6 ኮምፒውተር ዙሪያ ተሰብስበን ከረምን። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፕሮግራሙን በመጫንና መብራት በመጠበቅ አለቀ፤ ወሬው ያለው ሁለተኛው ላይ ነው።

ልጆቹን የማረካቸው፣ ሃስኬል የእያንዳንዱን ነገር ዓይነት (ቁጥር ይሁን ጽሑፍ) ማንም ሳይነግረው ካጠቃቀሙ መለየቱ ነው። የዘዴው መሠረት የሎጂክ ሊቁ ሮጀር ሂንድሊ እ.ኤ.አ. በ1969፣ የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ሮቢን ሚልነር ደግሞ በ1978 ያወጧቸው ሥራዎች ናቸው። ይህን ላስረዳ ሰሌዳው ላይ «አለ» ብዬ ጻፍኩ። አንዷ አላልታ፣ ሌላው አጥብቆ አነበበው። ሁለቱም ልክ ናቸው። «ልጁ እሺ አለ»፣ «ልጁ ቤት አለ» ብዬ ስጽፍ ግን ማንም አልተሳሳተም፤ ዙሪያው ነገራቸው።

ዙሪያው ዝም ሲልስ? አንዲት የ11ኛ ክፍል አባላችን የማርክ መመዝገቢያ ስትሠራ ገጠመን። «ሪድ» የተባለው ፈንክሽን (አንድ ነገር ተቀብሎ ሌላ የሚመልስ የፕሮግራም ክፍል) ጽሑፍን እንደ ቁጥር ወዳለ ዋጋ ይቀይራል፤ «ሾው» ዋጋን ወደ ጽሑፍ ይመልሳል። እሷ ሁለቱን አያያዘቻቸው። መሀል ላይ ያለው ምንድን ነው? ሙሉ ቁጥር? አስርዮሽ? እውነት ወይስ ሐሰት? ኮምፓይለሩ፣ ማለትም የጻፍነውን ለኮምፒውተሩ የሚተረጉመው ፕሮግራም፣ «ዓይነቱ አሻሚ ነው» ብሎ እምቢ አለ። «ማርክ መሆኑ አይታየውም እንዴ!» ብለው ልጆቹ ተቆጡ። ለእኛ ይታየናል፤ እሱ ያየው ግን ሪድና ሾውን ብቻ ነው።

በሳምንቱ የተሳትፎ 1 ነጥብ እንዲደምር አደረገችው፤ ስህተቱ ጠፋ። አጨበጨብን። 18 ስታስገባ 19 ወጣ። 17.5 ስታስገባ ፕሮግራሙ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ማክሰኞ ፈጀብን። መደመር ሲገባ ነገሩ ቁጥር መሆኑ ታወቀ፤ የትኛው ቁጥር እንደሆነ ግን አልተነገረም። ሃስኬል እንዲህ ሲሆን በነባሪ፣ ማለትም ሌላ ካልተነገረው በራሱ፣ ሙሉ ቁጥር አድርጎ ይወስደዋል፤ 17.5 ደግሞ ሙሉ ቁጥር ሆኖ አይነበብም። እምቢ ያለን ቀን ምንም አልጎዳንም፤ የጎዳን የገመተልን ቀን ነው። የልጅ ማርክ ላይ ግምት አልወድም፤ ለልጆቹም ይህንኑ ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ።

መፍትሔው አንዲት ምልክት ነበረች፦ ከሪድ ቀጥሎ «::» እና «ዳብል» (የአስርዮሽ ቁጥር ዓይነት ስም ነው) ብሎ መጻፍ። ምልክቷ ሁለት ኮሎን ናት፤ ልጆቹ ግን ካዩዋት ቀን ጀምሮ «አራት ነጥብ» ነው የሚሏት፤ እኔም ለመድኩት። አሁን 17.5 ሲገባ 18.5 ይወጣል፤ 18ም 19.0 ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ይህንንም ለምን እንደሆነ ራሳቸው ያስረዳሉ።

ከዚያ ወዲህ ኮምፓይለሩን የምናስነሣው ማስጠንቀቂያዎቹን በሙሉ ከፍተን ነው፤ በነባሪ ሲወስን ይነግረናል። በመጪው ዓመት የክፍል አማካይ እንዲያወጣ እንጨምርበታለን። ከ9ኛ ክፍል አዲስ አባላት እንቀበላለን፤ ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ ኮምፒውተር ክፍል ኑ።