ድሬ ላይ በሰዓቱ ብላ

ይድረስ ለወዳጄ ለታደሰ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? አልማዝስ፣ ልጆቹስ? እኛ ከሙቀቱ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሳንጻጻፍ ስንት ክረምት አለፈ! ማን ዘጋ ማን ተዘጋ የሚለውን እንተወውና፣ ወደ ድሬዳዋ መዛወርህን ስሰማ ደስ ብሎኝ ወረቀት አነሳሁ። በሰው የላክኸው ጥያቄም ደርሶኛል፤ ቤት እስክታደራጁ ድረስ የት እንብላ ነው ያልኸው። የምግብ ቤት ስም እንድዘረዝርልህ ጠብቀህ ከሆነ አልዘረዝርም። አብሳዩ ዛሬ አለ፣ ነገ ሌላ ቤት ተቀጥሯል፤ ታፔላው ግን እዚያው ነው። ድሬ ላይ ቤቱን ከማወቅ ሰዓቱን ማወቅ ይሻላል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እጅ የሚያስቆረጥም ቤት 5 ሰዓት ላይ ሌላ ቤት ነው።

ከቁርሱ ልጀምር። የድሬ ቁርስ ፉል ነው። መጋላ በኩል፣ ቀፊራ ገበያ አካባቢ፣ ጎህ ሲቀድ ድስቱ ይከፈታል። ጥሩ ፉል ትናንት የተጀመረ ነው። ደረቁ ባቄላ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ ተዘፍዝፎ ይውላል፣ ማታ አንገቱ ጠበብ ባለ ድስት ተከድኖ ትንሽ እሳት ላይ ያድራል። አንገቱ መጥበቡ እንፋሎቱ እንዳያመልጥ ነው፤ ውኃው ካለቀ ሥሩ ያርራል፣ ያረረው ደግሞ ለድስቱ በሙሉ ሽታውን ይሰጠዋል። ዘፍዛፊው ሰነፍ ከሆነ ችግሩ ከዚያም ይቀድማል። በዚህ ሙቀት ውኃው ሁለት ሦስቴ ካልተለወጠ ባቄላው አረፋ ይደፍቅና መኮምጠጥ ይጀምራል፤ ያ ጣዕም እሳት ላይ ቢያድርም አይለቅም። ቲማቲምና ሎሚ የሚገቡት ባቄላው ከበሰለ በኋላ ነው። ቀድሞ የገባ ኮምጣጣ ነገር ልጣጩን ያጠነክረዋል፣ ከዚያ ወዲያ ቢንተከተክ ቢንተከተክ አይለሰልስም። ልጣጩ ጥርስህ ሥር ከቀረ የጥድፊያ ፉል ነው የበላኸው።

3 ሰዓት ካለፈ ድስቱ ይጎድላል። ያኔ አንዳንዱ ቤት በውኃ ያበዛውና በዱቄት ያወፍረዋል። መለየቱ አይከብድም፦ በራሱ ፍሬ የወፈረውን በዳቦ ስትገፋው ሽራፊና ልጣጭ ታያለህ፤ ዱቄት የገባበት ግን ልሙጥ ሆኖ ያብለጨልጫል፣ በረድ ሲል ፊቱ ላይ ስስ ቆዳ ያበጃል። በርበሬው በዝቶ የቀላ ፉልም እጠረጥራለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸፍነው ነገር አለው። «ስፔሻል» ካልህ እንቁላልና እርጎ ይጨመርበታል። አልማዝ ረቡዕና ዓርብ «የጾም» ብቻ ብትል አይበቃም፤ «ቅቤም እርጎም እንቁላልም አይንካው» ትበል። ፉል ቤቶቹ ብዙዎቹ የሙስሊም ናቸው፤ ጾማችንን ያከብራሉ፣ ነገር ግን መጥበሻው ያው ቀኑን ሙሉ እንቁላል የሚጠበስበት ነው። የተለየ መጥበሻ ይኑር አይኑር ጠይቃ ትዘዝ፤ ማንም አይቀየማትም።

ለልጆቹ ፈጢራ አለ፤ አንዱ ለሁለት ይበቃቸዋል። አንድ ነገር ብቻ ተመልከት፦ ሊጡ በዘይት ተለውሶ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ካላረፈ ሲዘረጋ ወደ ኋላ ይሰበሰባል። ያኔ አብሳዩ ወፈር እንዳለ ያጥፈዋል፣ ዳሩ ይጠበስና መሐሉ ሊጥ ይቀራል። ጠረጴዛው ላይ ከሥሩ ያለው እንጨት እስኪታይ የሚዘረጋ ሰው ካገኘህ እዚያ ተቀመጥ።

ምሳ 6 ሰዓት ነው፤ 8 አይደለም። አዲስ አበባ ለምደህ 8 ሰዓት ላይ ብትወጣ የሚጠብቅህ ትራፊ ነው፤ ከተማው ወደ በርጫ፣ ወደ ጫት መቃሙ፣ ገብቷል፣ አስተናጋጁም ባለቤቱም ልባቸው እዚያው ነው። ምርቃና ላይ ካለ ሰው ሒሳብ መጠየቅ ደግሞ ትዕግሥት ይፈልጋል! ሌላም ምክንያት አለ፤ ሙቀቱ። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ቀኑ 34፣ 35 ዲግሪ ይደርሳል። የምግብ ደህንነት መመሪያው ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ የበሰለ ምግብ ያለ እሳትና ያለ ፍሪጅ ከ1 ሰዓት በላይ አይቆይ ይላል። 5 ሰዓት ተኩል ላይ ከእሳት የወረደ ሩዝ 8 ሰዓት ላይ ምን እንደሚሆን አንተው አስበው። ጥሬ ሥጋ ካማረህም ጠዋት፣ ከታረደ ብዙ ሳይቆይ፤ ከሰዓት በኋላ የተሰቀለውን ለጥብስ ተወው።

በምሳ ሰዓት የምመክርህ ሀኒድ ነው፤ ፍየል ወይም በግ፣ ተከድኖ በራሱ እንፋሎት የበሰለ፣ ከሩዝ ጋር። እንደምታውቀው መጀመሪያ ደጁ ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ እይ፣ ከዚያ ግባ። ከማዘዝህ በፊት ሁለት ነገር ጠይቅ፦ ኪሎው የጥሬው ነው ወይስ የበሰለው? ከነአጥንቱ ነው? የጥሬው ከሆነ እሳት ላይ ሩቡን ያህል ይጥላል፣ አጥንቱ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ይቀንሳል። ለእናንተ ለአራታችሁ 1 ኪሎ ከነአጥንቱ ይበቃል፤ ሩዙ ይሞላዋል። የጎድን አጥንቱ ቀጭን፣ ጮማው ነጭ ከሆነ እንስሳው ጠቦት ነው፤ ጮማው ቢጫ፣ አጥንቱ ወፍራም ከሆነ ያረጀ ነውና እንዲያቆዩልህ ንገራቸው ወይም ሌላ እዘዝ። ሩዙ ሄል፣ ቅርንፉድና ቀረፋ መሽተት አለበት፣ ፍሬውም ለየብቻ መቆም አለበት። የተያያዘ ሩዝ ወይ አልታጠበም፣ ወይ ውኃው በዝቶበታል፣ ወይ በላዩ ላይ ተማስሏል። ከጎኑ የቃሪያና የቲማቲም ድቁስ ይመጣል፤ ሶማሌ ቤት ከሆነ ሙዝም ይመጣል። ፍራፍሬ ነው ብለህ ለመጨረሻ አታስቀምጠው፣ ከሩዙ ጋር ነው የሚበላው። ድቁሱ ላቃጠለው አፍ ከውኃ የተሻለ መድኃኒት ነው።

ፓስታም በየቤቱ አለ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ አብሮት ያልመጣ ሕዝብ የለምና፣ ከዚራ ሰፈር ፈረንሳይኛ፣ መጋላ ሰፈር ዐረብኛ ሲሰማ ፓስታው በሁለቱም ገባ። ለስልሶ ከመጣ የምሳ ግርግር ሳይጀመር ተቀቅሎ ተቀምጦ፣ ስታዝ ሙቅ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ነው የወጣው። «አዲስ ቀቅሉልኝ» በል፤ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ትጠብቃለህ፣ ዋጋው ያው ነው።

10 ሰዓት አካባቢ ከተማው ይነቃል፣ ሳምቡሳና ባጊያ የሚሉት የጥራጥሬ ጥብስ ይወጣል። እዚህ ዘይቱን እንጂ ሳምቡሳውን አትይ። ጠቆር ብሎ አረፋው ድስቱ አፍ ድረስ የሚወጣ ዘይት ብዙ ቀን ያገለገለ ነው። ሳምቡሳው ሲገባ ካልተንጫጫ ደግሞ ዘይቱ ገና አልጋለም፤ ቂጣው ዘይት ይመጥና እጅህን ያጠበዋል። ከሻይ ጋር የግመል ወተት ካማረህ የፈላ ይሁን። ጥሬው ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ ሊያስይዝ ይችላል፣ ላልለመደ ሆድም በጎ አይደለም፤ ሻይ ውስጥ አብሮ የፈላውን ግን ልጆቹም ይጠጡት።

ማታ ብዙ የምለው የለም። ከዚራ ዛፎቹ ሥር ነፋሻ ነው፤ ጥብስ፣ ሹሮ፣ ቢራ፣ ሌላው ቦታ የምታውቀው ሁሉ አለ። ሙቀቱ ከጸናባችሁ እሑድ ሐረር ውጡ፤ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከፍታው በ600 ሜትር ስለሚበልጥ አየሩ ሌላ ነው። ስትመለሱ ሐላዋ ገዝታችሁ ኑ።

ሒሳብ ላይ ዝርዝሩን አንብብ። ደህና ደህና የሚባሉት ቤቶች ምናሌ ላይ የተጻፈው ዋጋ 15 በመቶ ታክሱን ያልጨመረ ሊሆን ይችላል፤ ከታች በደቃቃ ፊደል ይጻፋል። ፉል ቤት ግን እጅ በእጅ ነው፣ ዝርዝር ብር ይዘህ ሂድ፣ ለ«መልስ የለም» አትዳረግ።

በባቡር የምትመጡ ከሆነ የሚያወርዳችሁ ከከተማው ወጣ ያለው አዲሱ ጣቢያ ነው፣ ከዚራ ያለው አሮጌው አይደለም፤ ባጃጅ ከመሳፈራችሁ በፊት ዋጋ ተነጋገሩ። ልጆቹ ቃሪያ ይችላሉ? ቶሎ ጻፍልኝ፤ ለመጀመሪያው ቀን ምሳ ድቁሱ ለብቻው እንዲቀርብ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ። አልማዝን ሳምልኝ።

ያንተው ወዳጅ፣
ከድሬዳዋ